ሁለት ጆንያ ሰሊጥ

ባለፈው ኅዳር አንድ ጧት ከሸሕዲ መናኸሪያ ወደ ሱቄ በባጃጅ ስሄድ ሾፌሩ ሬድዮ ከፍቶ ነበር። እኔ የትራክተር መለዋወጫ የምሸጥ ሴት ነኝ፤ መንገድ ላይ ጆሮዬ የሚያርፈው በሰው ወሬ ላይ ሳይሆን ጎማ ላይ ነው። የልጁም ባጃጅ የኋላ ጎማው ኩሽኔታ አልቆ ያለቅስ ነበርና ልነግረው አፌን ስከፍት፣ ሬድዮው ስለ አሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ማውራት ጀመረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እነዚያ ዩኒቨርሲቲዎች ከጎረቤቶቻቸው ጋር ማኅበር ገጥመው ኳስ ሲጫወቱ ኖረዋል፤ አያት የተጫወተውን ግጥሚያ የልጅ ልጅ ይጫወተዋል። አሁን ግን ቴሌቪዥን ብዙ ገንዘብ የሚከፍለው ለትልልቆቹ ማኅበሮች ስለሆነ፣ አቅም ያላቸው የድሮ ጎረቤታቸውን እየተዉ ወደዚያ ይገባሉ። ለአንድ ጨዋታ አገር አቋርጠው በአውሮፕላን ይሄዳሉ። ገቢው ይጨምራል፤ የጉዞው ወጪም አብሮ ይጨምራል። ጋዜጠኛው እንዳለው፣ አንዳንዶቹ ያን ወጪ ለመሸፈን ተመልካች የማይበዛባቸውን ትንንሽ ቡድኖቻቸውን ይዘጋሉ።

«ብልጦች ናቸው እትዬ» አለኝ ሾፌሩ በመስታወቱ እያየኝ። «ሰው ገንዘብ ወዳለበት ነው የሚሄድ።»

«የተዉዋቸውስ ምን ይሆናሉ?» አልኩት።

«እሱን አላወሩም።»

ኩሽኔታውን ሳልነግረው ቀረሁ። ሱቄ ደጃፍ ስንደርስም «እዚህ ነው» ማለቱ ጠፋኝ፤ ልጁ መንዳቱን ቀጠለ፣ እኔም ተነዳሁ።

የተማርኩበት ትምህርት ቤት ከሸሕዲ ወደ ኮኪት በሚወስደው መንገድ ዳር ነበር። ስሙን አልጠራውም፤ የዛሬዎቹ አስተማሪዎች ምን በደሉ። ያን ጊዜ አስፋልት አልነበረም። ክረምት ሲገባ ዋልካው ጫማ አውልቆ ያስቀራል፤ በጋ ሲሆን ያው ዋልካ ተሰነጣጥቆ ቁርጭምጭሚት ያዞራል። ለኳስ የምትሆነን በመካከል ያለችው አጭር ጊዜ ብቻ ነበረች። ሰሊጡ ታጭዶ፣ ሂላ በምንለው ክምር ቆሞ ደርቆ፣ ተራግፎ ካለቀ በኋላ፣ ማሽላው ሳይቆረጥ ማለቴ ነው። ያኔ አየሩ የደረቀ አገዳና የአቧራ ሽታ አለው። ጧት ጧትም ለአንድ አፍታ ቀዝቀዝ ይላል፤ የቆላ ሰው ይህን ቅዝቃዜ እንደ ስጦታ ነው የሚቀበለው።

በዚያች ጊዜ አራት የቆላ ትምህርት ቤቶች ተሰብስበን እንጋጠም ነበር፤ ወንዶቹ በእግር ኳስ፣ እኛ ሴቶቹ በመረብ ኳስ። ዋንጫ እንኳ አልነበረንም። መረባችን ከጆንያ ክር የተሠራ ነበር፤ ኳሳችንም ፀሐይ ከበረታች በኋላ እጅ ስለሚያቃጥል ሴቶቹ ጎህ ሲቀድ እንጫወታለን፣ ወንዶቹ ከእኛ ተከትለው ይገባሉ።

የመግቢያው ዋጋ አንድ ጣሳ ሰሊጥ ነበር። በዚያ ወቅት ጥሬ ብር በእጁ የያዘ ሰው ጥቂት ነው፤ ሰሊጥ ግን በየቤቱ አለ። ከጎጃምና ከወሎ ለአጨዳ የሚወርዱት የቀን ሠራተኞች፣ ሳሉግ የምንላቸው፣ እነሱም ከአውድማ ጥርጊያ የለቀሙትን በፎጣቸው ጫፍ ቋጥረው ይመጡ ነበር። ሜዳው መግቢያ ላይ ሁለት ጆንያ ይሰቀላል፤ አንዱ የእኛ፣ አንዱ የተጋጣሚያችን። ተመልካቹ ሰሊጡን የሚያፈሰው በሚደግፈው ቡድን ጆንያ ውስጥ ነው። ጨዋታው ሳይጀመር የማን ደጋፊ እንደበዛ ከጆንያው ሆድ ይታወቃል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ብሽሽቅ ተዉት።

ጨዋታው ሲያልቅ ግን ሁለቱም ጆንያ አንድ ሸራ ላይ ይገለበጣል። ሰሊጡ ይቀላቀላል። ከዚያ በአንድ ጣሳ፣ «አንድ ለእነሱ፣ አንድ ለእኛ» እየተባለ ይሰፈራል። ያሸነፈም የተሸነፈም፣ ደጋፊ የበዛለትም ያነሰበትም እኩል ይወስዳል።

ደንቡን ማን እንዳወጣው አላውቅም። ጠባቂው ግን አባ ተገኘ የሚባሉ ሽማግሌ ገበሬ ነበሩ። አባቶቻቸው ከደጋ ወርደው እዚያ የሰፈሩ፣ ጣሳውን ከራሳቸው ቤት የሚያመጡ፣ ኳስ ግን ከነጭራሹ የማይገባቸው ሰው። እኛ አስር ጊዜ ዘለን ስንመታ ዝም ይሉና ኳሱ መረቡን ሲነካው «ኧረ መረቡን ተዉት፣ ይበጠሳል» ብለው ይቆጣሉ። አንድ ቀን፣ የእኛ ጆንያ ሁልጊዜ እየሞላ ለምን እኩል እንደምንካፈል ጠየቅኋቸው።

«ብቻውን የሮጠ የሚቀድመው የለም ሲባል አልሰማሽም?» አሉኝ። «እነሱን የምናበላቸው ለጽድቅ መስሎሻል? ለከርሞም የምንገጥመው እንዲኖር ነው እንጅ።»

የእኛ ጆንያ የሚሞላው በጉልበታችን አልነበረም። የሠራተኛ ገበያ ካለበት ከተማ አጠገብ ስለሆንን ነው፤ ሰው ይበዛልናል። በሌላው ጫፍ፣ ወደ መተማ ዮሐንስ ገባ ብሎ አንድ ትንሽ ትምህርት ቤት ነበር፤ እኛ የድንበሩ ትምህርት ቤት እንለው ነበር። ደጋፊው እፍኝ አይሞላም። እኛ በድርሻችን ኳስና ጠመኔ እንገዛለን፣ የተሰበረ ወንበር እናስጠግናለን። እነሱ ግን በድርሻቸው ማሽላ ነበር የሚገዙት። ከሩቅ እርሻዎች የመጡ ልጃገረዶች የሚያድሩበት ረጅም የሣር ቤት ነበራቸው፤ የእነዚያ ልጆች ቀለብ ከሸራው ላይ የሚሰፈረው ሰሊጥ ነበር።

ከእነዚያ አንዷ የቡድናቸው አምበል እናኑ ናት። እኔ የእኛ አምበል ስለነበርኩ፣ በደንቡ መሠረት ከጨዋታ በፊት እሷና እኔ ከአንድ ትሪ እንበላለን። አስተናጋጁ ትምህርት ቤት ያበስላል፤ አንድ ዓመት እኛ ወደነሱ እንሄዳለን፣ በዓመቱ እነሱ ወደኛ ይመጣሉ። የምንበላው አብዛኛውን ጊዜ ከድንበሩ ማዶ፣ ሱዳን የተለመደውን ስስ የማሽላ ቂጣ፣ ኪስራ የሚሉትን፣ ወይካ ከሚባል የደረቀ ባሚያ ወጥ ጋር ነበር። ወይካ ሲወፍር ከእጅ እስከ አፍ ክር ይስባል። እናኑ እጀ ግራ ነበረችና ትሪው ላይ ክንዳችን ይጋጫል፤ እሷ ሆን ብላ ትገፋኛለች።

«ብይ፣ ብይ ባንቺ» ትለኛለች። «ሆድሽ ሲሞላ ዝላይሽ ይቀንሳል።»

«አንቺስ?»

«እኔ አልዘልም። አንቺን አያለሁ፣ ኳሱን በሌለሽበት እጥለዋለሁ።»

እውነቷን ነው። በግራ እጇ ስታስጀምር ኳሱ ወዴት እንደሚዞር አይታወቅም ነበር። ነርስ መሆን ትፈልጋለች። እርሻቸው ያለበት ቦታ ሰው በወባ ሲያዝ በትራክተር ተጎታች ጭነው ጤና ጣቢያ እስኪያደርሱት ድረስ የሚሆነውን አይታለች። አባቷ ግን ድሃ ገበሬ ነው፤ ትምህርት ቤት ያስቀመጣት ቀለብ ስለማትጠይቀው ብቻ ነበር። ይህን አልደበቀችኝም። «ማሽላው ያለቀ ቀን እኔም አለቅሁ» አለችኝ አንዴ፣ እየሳቀች።

በውድድራችን የመጨረሻ ዓመት ላይ አዲስ ዳይሬክተር መጡልን። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ይህን ስል ለይሉኝታ አይደለም። የመማሪያ ክፍላችን ጣሪያ በክረምት ያፈስ ነበር፣ እሳቸውም ከእኛ ጋር ጥግ ይዘው አስተምረዋል። በዚያው ኅዳር የወላጆችን ስብሰባ ጠሩና ከደጋዎቹ ትምህርት ቤቶች ውድድር እንድንገባ ጥሪ እንደመጣ ነገሩ። የአውቶቡስ ባለቤት የሆኑ አንድ ነጋዴ ማሊያ እንደሚያለብሱ፣ በየዓመቱም ለትምህርት ቤቱ ድጋፍ እንደሚሰጡ ቃል ገብተዋል። እኛ ተማሪዎቹ ከቁርቁራው ዛፍ ሥር ቆመን እንሰማለን። ውድድሩ ጎንደር ድረስ ይወስዳል ስለተባለ፣ እኔም ጎንደርን አይቼ ስለማላውቅ ጓጉቼ ነበር፤ የወንዶቹማ አይነገርም፣ በአሳባቸው ማሊያውን ለብሰውታል።

«ጆንያችን እየሞላ ግማሹን ለሌላ እንሰጣለን» አሉ ዳይሬክተሩ። «በዚህ ዓይነት ጣሪያው መቼ ይለበሳል?»

አባ ተገኘ ተነሡ። «ጌታው፣ ጣሪያውስ ደግ ነው። ግን ደጋው ድረስ ማን ያደርሳችኋል? ማን ያሳድራችኋል? እዚህ ስንሄድ እነሱ ያበሉናል፣ ሲመጡ እናበላቸዋለን። ያ ሁሉ ወጪ ከየት ሊመጣ ነው?»

«ከድጋፉ።»

«ድጋፉ ለጣሪያ ነው አላላችሁም?»

ሰው ሳቀ፤ ዳይሬክተሩም ሳቁ። ከሴቶቹ መካከል አንዷ እናት «ሴቶች ልጆቻችንስ?» ብላ ጠየቀች። ለጊዜው እግር ኳሱ ይቅደም፣ ለሁለት ቡድን መጓጓዣ አይበቃም ተባለ። የእኛ የመረብ ኳስ በዚህች አንድ ዓረፍተ ነገር ተዘጋ። እጅ ወጣ፣ ተቆጠረ፣ አለቀ። ለመጀመሪያው ጉዞ መነሻ እንዲሆንም በዚያ ዓመት የእኛ ጆንያ ሸራው ላይ እንዳይገለበጥ ተወሰነ።

የመጨረሻው ግጥሚያ በእነሱ ሜዳ ነበር። በዋዜማው ከሰዓት በኋላ በጭነት መኪና ላይ ቆመን ስንሄድ በመንገዱ ግራና ቀኝ ማሽላው ራሱን ደፍቶ ቆሟል፤ ወፍ የሚጠብቁ ሰዎች ከማማ ላይ ወንጭፍ ያስጮሃሉ። ደጋፊያችን በሌላ መኪና ተከትሎናል። ስንደርስ ሁለቱ ጆንያዎች ተሰቅለው ቆይተውናል፤ ትሪውም ቀርቧል። ለእናኑ የነገርኳት ትሪው ላይ ነው። ሌላ ሰው ነግሯት ከምትሰማ ብዬ ነው።

እጇ ወጡ ላይ ቆመ። «ለሁልጊዜ?»

«እንግዲህ።»

«ሴቶቹንም ይወስዷችኋል?»

«ወንዶቹን ብቻ።»

«እንግዲያ አንቺም እንደኔው ቀረሻ» አለችኝና እንደ ልማዷ በክንዷ ገፋ አደረገችኝ። ስለ ማሽላው አላነሳችም፣ እኔም አላነሳሁም። ሁለታችንም ግን ሌላ ነገር አላሰብንም።

በማግስቱ ጧት እንደተጫወተችው ስትጫወት አይቻት አላውቅም። ፀሐይ በማዶ፣ ከሱዳኗ ገላባት ጀርባ ባለው ሜዳ ላይ ገና ብርሃኗን መጣሏ ነው፤ እናኑ ኳሱን በግራ እጇ ታነሳዋለች፣ እኔ ወደ ቀኝ ስሮጥ ግራዬ ላይ ይወድቃል። የእኛ ደጋፊ እንኳ ያጨበጭብላት ጀመር። እነሱ አሸነፉ። በኋላ የወንዶቹ ጨዋታ አለቀ፤ አባ ተገኘም ሸራውን ዘረጉ።

የእኛ ጆንያ ሞልቶ ተወጥሮ ነበር፤ የእነሱ ግን ከወገቡ በታች ነው። ወንዶቹ መጡና የእኛን አውርደው፣ ለሁለት ተሸክመው መኪናው ላይ ጫኑት። አንድ የጎጃም ሰው፣ ማጭዱን ትከሻው ላይ እንዳንጠለጠለ፣ «ምነው፣ ያችስ ጆንያ ወዴት ናት?» ብሎ ጠየቀ። የእሱም ሰሊጥ ውስጧ ነበር።

አባ ተገኘ ጣሳውን ይዘው ቆሙ። ያን ሽማግሌ ሲቆጡ እንጂ ሲጨነቁ አይቻቸው አላውቅም። የድንበሩ ልጆች የራሳቸውን ጆንያ ሸራው ላይ ገለበጡት፤ ትንሽ ክምር ሆነ። ሁላችንም ወደ ጆንያቸው መልሰው ይዘውት ይገባሉ ብለን ስንጠብቅ፣ እናኑ መጥታ ከአባ ተገኘ እጅ ጣሳውን ተቀበለች። በርከክ ብላ በግራ እጇ መስፈር ጀመረች።

«አንድ ለእንግዶቹ» አለች። «አንድ ለእኛ። አንድ ለእንግዶቹ።»

ድምጿ ቁጣ አልነበረበትም፤ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር። ደንቡ ሸራው ላይ ያለው እኩል ይሰፈር ነው የሚለው፣ ሸራው ላይ ያለው ደግሞ የእነሱ ብቻ ነበር። ከእነዚያ ልጆች አፍ ላይ ግማሹን ሰፍራ ባዶ ከረጢት ውስጥ ጨመረችና ወደኔ አመጣችው። እጄን አልዘረጋሁም።

«እናኑ፣ አይሆንም።»

«ድርሻችሁ ነው።»

«የማሽላችሁ ነው።»

«ባንቺ፣ ያዥ። አንዱ ደንብ ዛሬ ፈርሷል፤ ሁለተኛውን እኔ አላፈርስም።»

ያዝኩት። አልቀበልም ብላት፣ እኛ ካዋረድናት በላይ አዋርዳት ነበር፤ ዛሬም እንደዚያ ነው የማስበው። መኪናው ጡሩምባ እየነፋ ነበር። ስሰቀል ከታች ሆና፣ «ለከርሞ አብሳዮቹ እናንተ ናችሁ። ወይካውን እንዳታቀጥኑት» አለችኝ። ከርሞ እንደማይኖር ከኔ ሰምታለች። ግን ተራ ተራ ነው፣ ደንቡ እንደዚያ ስለሚል አለችው።

መኪናው ላይ ዳይሬክተሩ ከረጢቱን አዩና «ይኸ ምንድን ነው?» አሉኝ።

«ድርሻችን ነው» አልኳቸው።

ፊታቸውን ወደ ማሽላው አዙረው ቆሙ፤ ሁለቱ ሰሊጦች፣ ትልቁ ጆንያና ትንሹ ከረጢት፣ እግራችን ሥር ጎን ለጎን ይንገጫገጩ ነበር።

በዓመቱ ወንዶቹ ደጋ ወጡ። ማሊያው ያምር ነበር። ዳገቱ ግን ቀን ሙሉ ይፈጃል፤ ደርሰው ብርዱ ይቆራምዳቸዋል፣ ያድሩበታል የተባለው ቦታ ይከፈልበታል፣ ይበሉታል የተባለው ይከፈልበታል። እዚያ ከአንድ ትሪ የሚያበላ ባላጋራ የለም። እየተሸነፉ ተመለሱ። ድጋፉ መጀመሪያ ላይ መጣ፤ አንዱ ክፍል ቆርቆሮ ለብሷል፣ ይህን አልክድም፤ ዝናብ ሲዘንብ ከሥሩ ተቀምጬ ተምሬያለሁ። የቀረው ሁሉ ናፍጣና ማረፊያ ሆኖ መንገድ ላይ ቀለጠ። ቆይቶ ነጋዴው የሚሸነፍ ቡድን ማልበስ ሰለቻቸው፤ ዳይሬክተሩም ወደ ሌላ ቦታ ተዛወሩ።

ትምህርት ቤታችን ልመለስ ቢል መመለሻ አልነበረውም። እኛ ከወጣን ወዲህ የቀሩት ሦስቱ አንድ ወቅት ሞክረው ነበር፤ ጆንያው ከታች እንኳ አልሞላ ብሎ ተዉት። አባ ተገኘ ጣሳቸውን ቤታቸው መለሱ። የእኛን መረብ ከትምህርት ቤቱ ጥበቃ ግቢ በርበሬ ተሰጥቶበት አይቼዋለሁ።

የድንበሩ ልጃገረዶች የሚያድሩበት የሣር ቤት በሚቀጥለው ክረምት ተዘጋ። እናኑን አባቷ መጥቶ ወሰዳት። ከዚያ ወዲያ የማውቀው በወሬ ነው፤ ወደ ገላባት ተሻገረች፣ ከዚያም ወደ ገዳሪፍ፣ እዚያ ሻሂ ትሸጣለች ተባለ። ሱቄ መለዋወጫ የሚገዛ የጭነት መኪና ሾፌር ሁሉ ከማዶ ከመጣ እጠይቀዋለሁ፤ በግራ እጇ የምትቀዳ ሻሂ ሻጭ አላየህም? እላለሁ። አንዱ አይቻለሁ ይላል። ሌላው፣ እሷ ሌላ ሴት ናት ይላል። አንዱ ደግሞ፣ እትዬ፣ ሻሂ ስጠጣ የማየው ብርጭቆውን ነው አለኝ፤ ከእሱ ጋር መሳቄን አስታውሳለሁ።

ዳይሬክተሩን አልወቅስም። ጣሪያ ያፈስ ነበር፣ ጣሪያ ለመግዛት አስበዋል። እኔን የሚቆጨኝ፣ ስሌቱ ሲሠራ የጆንያው ሆድ ብቻ መታየቱ ነው። የጆንያችን ሆድ የሚሞላው ከወዲያ ማዶ የምንገጥመው ስላለ መሆኑን ያየው አንድ ኳስ የማይገባው ሽማግሌ ብቻ ነበር። እናኑ ነርስ ሆና ቢሆን ኖሮ እያልኩ አስባለሁ፤ በተለይ የወባ ወቅት ሲመጣና ተጎታች ላይ የተኛ ሰው ይዘው በሱቄ ደጃፍ ሲያልፉ አስበዋለሁ። አስቤም አልጨርሰውም።

ባጃጁ የቆመው የድሮው ሜዳችን አጠገብ ነበር። አሁን የጭነት መኪና ማቆሚያ ሆኗል። ሰሊጥ የጫኑ መኪኖች ተሰልፈዋል፣ ከጎማቸው ሥር የፈሰሰውን ወፎች ይለቅማሉ። ልጁ ሞተሩን አጥፍቶ ዞር አለ፤ ለካ መንገዱን ሙሉ እየነገርኩት ነው የመጣሁት።

«ማን አሸነፈ?» አለኝ።

«እነሱ።»

«የመልስ ጨዋታውስ?»

ወርጄ ሒሳቤን ከፈልኩት። ኩሽኔታው ማለቁንም አሁን ነገርኩት፣ ሱቄ መጥቶ አዲስ እንዲወስድ። ልጁ ግን አልሄደም፣ መልሴን እየጠበቀ ነው።

«አልተጫወትንም» አልኩት። «ተራው የእኛ ነበር።»